ማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

ጽጌሬዳ ያን ሰሞን ቁጭ ብላ መብላት ትታ ነበር። ቆማ ትጎርሳለች፣ ቆማ ትጠጣለች፣ ስልክ ሲጮህ ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። ደዋዩ እሱ ሲሆን ትናደዳለች፤ እሱ ሳይሆን ሲቀር ደግሞ የባሰ ትናደዳለች። ፍቅር የያዘው ሰው እንዲህ ያደርገዋል ትሉኝ ይሆናል። ፍቅር ከያዛት ግን ቆይቷል። አዲሱ ነገር ጥርጣሬ ነበር።

መብራህቶምን ያወቀችው ባለፈው ዓመት በብርዱ ወራት፣ አሜሪካ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ከሆስፒታል የሌሊት ሥራዋ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው መንገድ ላይ አውቶቡስ ስትጠብቅ ነው። እሱ ታማሚዎችን ወደ ክሊኒክ የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። ነጠላዋን በካፖርቷ ኮፍያ ላይ ደርባ ቆማ ቢያያት ቫኑን አቆመና በአማርኛ፣ ታማሚ ያልሆነ ሰው መጫን ክልክል መሆኑን፣ በዚያ ብርድ ከቆመች ግን ታማሚ መሆኗ እንደማይቀር ነገራት። ስቃ ገባች። ከዚያ ወዲህ አውቶቡስ የጠበቀችበት ቀን ጥቂት ነው።

እሱ የአስመራ ልጅ ነው። አማርኛን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ነች፤ ሴንት ፖል ከአባቷና ከእናቷ ጋር ትኖራለች። በመካከላቸው ያለው የአሥራ አምስት ደቂቃ መንገድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም የምጽፈው አይኖረኝም ነበር። በመካከላቸው ያለው በሪሁን ነው።

በሪሁን የጽጌሬዳ ታላቅ ወንድም ነው። ታንክ ጠጋኝ ወታደር ነበር፤ ምጽዋ ስትያዝ ተማረከ። ሲማረክ ያየው ጓደኛው ለቤተሰቡ ነግሯል፤ ከዚያ በኋላ ግን የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ ጦርነቱ አበቃ። ደርግን አብረው የጣሉት ሁለቱ ግንባሮች አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አስመራ ገብተው፣ በመግለጫ ላይ መግለጫ እያወጡ ስለ ምርኮኞች መመለስ መነጋገር ያዙ። አቶ ቂርቆስ፣ የጽጌሬዳ አባት፣ መግለጫ በማንበብ ያረጁ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ሳሉ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተርጓሚ ነበሩ፤ ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር በወጡበት ቀርተው፣ ሚስታቸውንና ሴት ልጃቸውን በኋላ አስመጡ። አሁን መሀል ከተማ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ትኬት መቁረጫ ውስጥ፣ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይውላሉ። መግለጫ ላይ «በቅርቡ» የሚለው ቃል ስንት ወር እንደሚፈጅ እሳቸውን የሚያህል አዋቂ የለም።

ምርኮኞች በጭነት መኪና ተጭነው የመረብን ወንዝ ተሻገሩ። አዲስ አበባ የጎረቤታቸው ልጅ ከስቶ፣ ግን በእግሩ ሄዶ እቤቱ ገባ። በሪሁን አልገባም። አቶ ቂርቆስ ለአዲስ አበባም ለአስመራም ጻፉ፣ ለቀይ መስቀልም ጻፉ። ሴት ልጃቸው ማንን እንደምትወድ ሲሰሙም አልተቆጡም፤ ቁጣ የተርጓሚ ሥራ አይደለም። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ አስቀመጡ። ሁለቱ ግንባሮች ተስማምተው ልጃቸውን እስኪመልሱላቸው ድረስ በዚያ ቤት ሠርግ የሚባል ነገር አይነሳም፤ ከአስመራ ልጅ ጋር ደግሞ ጨርሶ አይነሳም።

ጽጌሬዳ በዚህ ተስፋ አልቆረጠችም። የወንድሟን ፎቶግራፍና ሙሉ ስም ለመብራህቶም ሰጠችው፤ እሱም አስመራ ሆስፒታል ለምትሠራው ለአክስቱ ልጅ ለኣረጋሽ ላከላት። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ሙሉ፣ የጽጌሬዳ እናት፣ መብራህቶም ልጃቸውን ሊያደርስ በመጣ ቁጥር ደረጃው ድረስ ወርደው ከአስመራ ምን ወሬ እንዳለ ይጠይቁታል። እሱም ፊታቸውን እያየ፣ ምንም እንደሌለ፣ ግን ተስፋ እንዳይቆርጡ ይነግራቸዋል። እስከ ገና ድረስ እንዲህ ነበር።

ከገና ወዲህ ግን ፊታቸውን ማየት ተወ። ሲጠይቁት ጫማውን ያያል፣ የመኪናውን ቁልፍ ያያል፣ ሰማዩን ያያል። ከጽጌሬዳ ጋርም ሆኖ ወሬ መሀል ዝም ይላል። እሷ ይህን ሁሉ አየችና ሴት ልጅ የምትደርስበት የመጀመሪያው ነገር ላይ ደረሰች። ሌላ ሰው አለች ብላ አመነች።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ሜፕልዉድ የገበያ ማዕከሉ ፓርኪንግ ውስጥ፣ የመኪናው ሞተር እንደበራ ጠየቀችው።

«ሌላ ሰው ካለች ንገረኝ። አልጮህብህም።»

«የለችም።»

«ታዲያ እናቴን ለምን አታያትም? ስለ አስመራ በጠየቀችህ ቁጥር አንገትህን ትደፋለህ። እኔንም እንደዚያ ማየት ጀምረሃል።»

መብራህቶም መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። 

«ጾም ሳይገባ ሽማግሌ ላክ» አለችው። «አባቴ እምቢ ይበል፣ ግድ የለኝም፤ አንተ መላክህን ልይ። ካልላክህ ከሰኞ ጀምሮ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። አንተ እንድታደርሰኝ አልፈልግም።»

ቤቷ አደረሳት። ስትወርድ በሩን በቀስታ ዘጋችው። አላትማ ብትዘጋው ይሻለው ነበር።

መብራህቶም ያን ሳምንት ሽማግሌ ሲለምን ሰነበተ። አቶ ሳህሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሰብሳቢ ናቸው፤ የጽጌሬዳ አባት ያከብሯቸዋል። አቶ ገብረትንሳኤ የአስመራ ሰው፣ ለመብራህቶም እንደ አባት የሆኑ ናቸው። ሦስተኛው ባለታክሲው አቶ ረጋሳ ናቸው፤ በተገኙበት ሁሉ ሰው አይጣላም ስለሚባል ተጨመሩ። ችግሩ ሦስቱን በአንድ ሰዓት ማግኘት ነው። አቶ ሳህሉ ሌሊት ጥበቃ ያድራሉ፣ አቶ ገብረትንሳኤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ጠዋት ሥራ ይገባሉ፣ አቶ ረጋሳ ደግሞ ከረፋድ ጀምሮ ኤርፖርት ናቸው። አሜሪካ ሽማግሌን እንኳ በሺፍት ነው የምትሰበስበው። ሦስቱም ነፃ የሚሆኑት ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ገና ጎህ ሲቀድ ብቻ ሆነ።

አቶ ሳህሉ ሥርዓት አዋቂ ናቸው። ሽማግሌ ድንገት ሰው ቤት አይደርስም ብለው ዓርብ ማታ ደወሉ፤ ስልኩን ያነሱት ወይዘሮ ሙሉ ናቸው። የሽምግልና ጉዳይ በስልክ አይነገርምና አልነገሯቸውም። ነገ በማለዳ ለአንድ ጉዳይ ብቅ እንደሚሉ፣ አቶ ቂርቆስ ወደ ሥራ እንዳይወጡ፣ እሳቸውም ከቤት እንዳይጠፉ ብቻ በትሕትና ተናገሩ። ወይዘሮ ሙሉ ማን ማን እንደሚመጣ ጠየቁ። አቶ ገብረትንሳኤም እንዳሉበት ተነገራቸው።

የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ ምንም አያስብም። በማለዳ፣ ሰው ወደ ሥራው ሳይወጣ፣ ምክንያቱን ሳይናገሩ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚመጡት ለመርዶ ነው። ያውም ከአስመራ ወሬ የሚደርሰው ሰው አብሯቸው አለ። ወይዘሮ ሙሉ ስልኩን አስቀምጠው ለባላቸው ነገሩ። አቶ ቂርቆስ ሬዲዮውን አጠፉት። ጽጌሬዳ ለሌሊት ሥራዋ ወጥታ ስለነበር ይህን ሁሉ አልሰማችም።

ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ መብራህቶም ሊወስዳት አልመጣም። ከሰኞ ጀምሮ በአውቶቡስ እሄዳለሁ ያለችው ራሷ ብትሆንም፣ ሰኞ ሳይደርስ ስታጣው አንጀቷ ቆሰለ። በአውቶቡስ ሄደች። ከአውቶቡሱ ወርዳ በረዶው ላይ እየተንሸራተተች ወደ ቤቷ ስትታጠፍ የእሱን መኪና አየች። ሞተሩ በርቷል፣ መስኮቱ ጉም ለብሷል፣ እሱ ውስጥ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላል። ስታንኳኳ ደንግጦ ወረደ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ሽማግሌዎቹ ፎቅ ላይ ናቸው» አላት። «እኔ መምጣት አልነበረብኝም። ቤቴ መቀመጥ አቃተኝ።»

ጽጌሬዳ የሳምንቱን ንዴት ሁሉ ረሳችው። ልቧ ከፍ አለ፣ ብርዱም ጠፋባት። እጁን ልትይዝ ጓንቷን ስታወልቅ፣ ከሁለተኛው ፎቅ የእናቷን ጩኸት ሰማች።

ያን ጩኸት የሰማ ሰው ምንነቱን ሳይጠይቅ ያውቀዋል። የሽምግልና እምቢታ እንዲህ አይደለም። ጽጌሬዳ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች፤ መብራህቶም ከኋላዋ ነበር። ከፎቁ ጫፍ የሚኖሩት፣ ከእስያ የመጡት የሞንግ ተወላጅ አሮጊት በራቸውን ከፍተው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። የእነጽጌሬዳ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጥቁር የክረምት ካፖርት ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ አጣፍተው ገቡ። ተቀመጡ ሲባሉ፣ የሽማግሌ ወግ ነውና፣ የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም አሉ። መርዶ የሚጠብቅ ቤት ሦስት ቆመው የቀሩ ሽማግሌዎችን ሲያይ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። አቶ ሳህሉ ገና ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ወይዘሮ ሙሉ ወደቁ።

ጽጌሬዳ ስትደርስ እናቷ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የአቶ ገብረትንሳኤን ካፖርት ጫፍ ጨብጠዋል። አባቷ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ እንደ ኦፊሴላዊ ሰው ከግድግዳው ጋር ተጠግተው ቆመዋል፤ ሌሊቱን በሙሉ ለዚህ ተዘጋጅተው ኖሯል። አቶ ሳህሉ ለደግ ነገር ነው የመጣነው እያሉ ደጋግመው ይምላሉ፣ የሚሰማቸው ግን የለም።

«የት ቀበራችሁት?» ይላሉ ወይዘሮ ሙሉ። «ሌላ ምንም አልጠይቅህም ገብረትንሳኤ። የት እንደቀበራችሁት ብቻ ንገረኝ።»

አቶ ገብረትንሳኤ ትልቅ ሰው ናቸው፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ሠርግ ሊለምኑ የመጡ ሰው ምን ይመልሱ?

ያን ጊዜ መብራህቶም ከበሩ ላይ ተናገረ። አልጮኸም።

«እማማ ሙሉ፣ በሪሁን አልሞተም። አስመራ ነው ያለው። ድምፁን ሰምቻለሁ፣ አነጋግሬዋለሁ።»

 ወይዘሮ ሙሉ ካፖርቱን ሳይለቁ ቀና ብለው አዩት። አቶ ቂርቆስ ከግድግዳው ተላቀቁ። ጽጌሬዳ ግን ከሁሉም ቀድማ የጠየቀችው ሌላ ነገር ነው።

«መቼ?»

መብራህቶም ወደ እሷ ዞረ። ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ቀጥ ብሎ አየ።

«ለገና» አላት።

ደስታና ንዴት በአንድ ጊዜ ሰው ላይ ሲመጡ የሚቀድመው የትኛው እንደሆነ ጽጌሬዳ ያን ጠዋት አወቀች። ወንድሟ በሕይወት አለ። ይህ ሰው ግን ያውቅ ነበር። እናቷ ደረጃ ወርደው ሲጠይቁት፣ እሷ ፓርኪንግ ውስጥ ስትለምነው፣ ያውቅ ነበር። ጀርባዋን ሰጥታው እናቷን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ቀና ስትል በሩ ላይ አልነበረም።

መብራህቶም ከመውጣቱ በፊት በሪሁን የሚገኝበትን ስልክ ቁጥር ለአቶ ረጋሳ ነግሯቸው ነበር። አቶ ቂርቆስ ኦፕሬተሯን በሚያምር እንግሊዝኛቸው አስመራን አገናኚኝ አሏት። መስመሩ ሄደ፣ ተቋረጠ፣ እንደገና ሄደ። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው፤ አቶ ገብረትንሳኤ የሥራ ሰዓታቸው ቢያልፍም አላስታወሱትም። መጨረሻ ላይ በስልኩ ውስጥ የወንድ ድምፅ «ሃሎ» አለ፣ አቶ ቂርቆስም ስሙን ጠሩ።

ወይዘሮ ሙሉ ስልኩን ነጠቋቸው። ያለቅሱ ይሆናል ብላ ጽጌሬዳ ትከሻቸውን ያዘች። እሳቸው ግን ምን እንደሚበላ ጠየቁት፣ እግሩን አሁንም ያመው እንደሆነ ጠየቁት፣ ጥርሱን ጠየቁት። እናት የሁለት ዓመት ጥያቄ ሲጠራቀምባት ከትንሹ ነው የምትጀምረው። ከዚያ አቶ ቂርቆስ ስልኩን መልሰው ተቀበሉ፤ ድምፃቸው የተርጓሚ ድምፅ ሆኖ ተመልሶ ነበር።

ማን ከልክሎት እንደቀረ ጠየቁት። ስም እንዲነግራቸው፣ የትኛው ኃላፊ እንደሆነ እንዲነግራቸው፣ ነገ ዛሬ ሳይሉ እንደሚጽፉ ነገሩት። በሪሁን ማንም እንዳልከለከለው ተናገረ። እንደ ጓደኞቹ ሁሉ የጭነት መኪናው ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል ራሱ ወረደ።

ዴሊና የምትባል ሴት አለች አላቸው። ከተለቀቀ በኋላ፣ የመመለሻው ቀን እስኪደርስ ተቀጥሮ ከሠራበት ጋራዥ አጠገብ ትኖራለች። ባሏ ምጽዋ ላይ የሞተ ታጋይ ነው፤ አንዲት ትንሽ ሴት ልጅ አለቻቸው። አቶ ቂርቆስ ሁሉም ቃል በቃል እንዲሰሙ ስለፈለጉ ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ አራቁት፤ ጽጌሬዳም ወንድሟን ሰማችው።

«አባዬ፣ ያን ቀን ሲተኩሱ የዋሉትን ታንኮች የጠገንኩት እኔ ነኝ። የዚህችን ልጅ አባት የትኛው እንደገደለው አላውቅም። ማንም አያውቅም። ታንኮቹን የጠገንኩት እኔ መሆኔን ዴሊና ታውቃለች፤ ነግሬያታለሁ። እያወቀች ከልጇ ጋር አንድ ማዕድ አስቀምጣኛለች። እንዴት ጥያት ልሂድ?»

«ቤትህስ?» አሉ አቶ ቂርቆስ።

«አንተም እኮ ለስብሰባ ወጥተህ ቀርተሃል አባዬ። አልወቀስኩህም።»

ከዚያ ከስልኩ ወዲያ የሕፃን ድምፅ መጣ። በትግርኛ የሆነ ነገር ትጠይቃለች፤ ለቤቱ ሁሉ የገባው አንዱ ቃል ብቻ ነው፣ በሪሁንን «ባባ» ስትለው። ወይዘሮ ሙሉ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቱን ስልኩ ላይ እንዲያቀርባት ለመኑት፤ ቀረበች፣ ትተነፍስ ጀመር። ወይዘሮ ሙሉ በዚያ ሁሉ ውድ ደቂቃ ምንም ሳይናገሩ ትንፋሿን ብቻ ሰሙ።

ስልኩ ሲዘጋ አቶ ቂርቆስ ክራቫታቸውን ፈታ አድርገው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ጽጌሬዳ የአባቷን ፊት ታውቀዋለች፤ እንዲህ ሲሆን ደግ ነገር አይመጣም።

«አቶ ገብረትንሳኤ» አሉ፣ «ከእናንተ ወገን አንዷ ወንድ ልጄን አስቀረችው። እናንተ ደግሞ ሴቷን ልትጠይቁ መጥታችኋል።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ገብረትንሳኤ። 

«ልጄ ይመለስልኝ እያልኩ ለሁለት መንግሥት ስጽፍ ከረምኩ። ለካ መጠየቅ የነበረብኝ ልጄን ነው።» አቶ ቂርቆስ ወንበሩን ራሳቸው ሳቡ። «ቅድመ ሁኔታዬ ምርኮኛው ይመለስ የሚል ነበር። የሚመለስ ምርኮኛ የለኝም። ልጄ ቤቱ ነው ያለው። ስለዚህ ተቀመጡ።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ተቀመጡ ማለት ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ቤት ያላወቀ አልነበረም። ወይዘሮ ሙሉ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ለልጃቸው አንገታቸውን ነቀነቁላት። አቶ ቂርቆስ እንደ ወጉ፣ እሷስ ምን እንደምትል ጠየቋት። ለዚህች ጥያቄ መልስ አዘጋጅታ ዓመት ሙሉ ጠብቃለች።  አሁን ግን ትንሽ ጊዜ እንዲሰጧት ጠይቃ ወጣች።

መብራህቶም መኪናው ውስጥ አልነበረም። ከሕንፃው ፊት ለፊት፣ በረዶው ላይ ቆሞ፣ ወደ መስኮታቸው ያንጋጥጣል። ሊሄድ ፈልጎ መሄድ እንዳቃተው ያስታውቃል። ስትደርስ ሰላም አላላትም፤ ቀጥታ ተናገረ።

«አገኙት?»

«አገኙት።»

«እሷንም ነገራቸው?»

«ነገራቸው።»

መብራህቶም ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሁሉን ነገራት። ለገና አስመራ ሲደውል ኣረጋሽ ስልኩን ለአንድ ሰው ሰጠችው፤ ሰውየው በአዲስ አበባ አማርኛ በሪሁን ቂርቆስ ነኝ አለው። አልመለስም ማለቱን ለአባቱ ራሱ የሚነግርበት ጉልበት እስኪያገኝ ድረስ እንዳይነግርበት ለመነው። በእግዚአብሔር ስም አስማለው። መብራህቶም ማለ።

ጽጌሬዳ ፊቷ በብርድ ቀልቷል። የምትናገረው ቀስ ብላ ነው፣ እንዳታለቅስ።

«እናቴ በየቀኑ ስትቀብረው ታይ ነበር። እኔ ሌላ ሴት አለችው ብዬ በየቀኑ ራሴን ስበላ ታይ ነበር። ስለ መሐላው ነው ዝም ያልከው?»

አዎ ቢላት ኖሮ ጉዳዩ ያበቃ ነበር። መሐላን የሚያከብርን ሰው ማን ይወቅሳል? እሷም ይህን መውጫ ስትሰጠው እያወቀች ነው።

«መጀመሪያ አካባቢ ስለ መሐላው ነበር» አለ። «በኋላ ግን ስለ ፈራሁ ነው። ወንድምሽን ያስቀረችው የአገሬ ሴት መሆኗን አባትሽ ቢሰማ አንቺን ዳግመኛ አላይሽም። ይህን አሰብኩ። እናትሽ ስትጠይቀኝ ስለ እናትሽ ማሰብ ነበረብኝ፤ እኔ የማስበው ስለ ራሴ ነበር። ወንድምሽ ከመሐላው ቢፈታኝ እንኳ የምነግራችሁ አይመስለኝም። አንድ ቀን እየሰረቅኩ፣ ሌላ ቀን እየሰረቅኩ ከአንቺ ጋር ለመሆን ነው።»

ጽጌሬዳ ልትመታው ፈለገች። ልታቅፈውም ፈለገች። ሁለቱንም አላደረገችም፤ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከትታ ዝም አለች።

በዚያ ዝምታ ውስጥ አንድ ነገር ገባት። አባቷ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠዋል። የዚህን ሰው ሙሉ ሕይወት የሚለውጥ ወሬ በእጇ ይዛ ቆማለች፣ እሱ ግን ሁሉም ነገር አብቅቷል ብሎ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ከደረሰች ጀምሮ ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። መጀመሪያ ትንሽ ይቃጠል ብላ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሲሰማ ደስ ብሎት የእሷን ንዴት ይረሳዋል ብላ ፈርታ ነው። አንድ ቃል ይዞ ዝም ማለት እንዴት እንደሚጀመር፣ እንዴትስ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እየቀለለ እንደሚሄድ በራሷ አየችው። በራሷ ላይ ማየቷ ደስ አላሰኛትም።

ንዴቷ አልበረደም። ገና ለብዙ ጊዜ እንደማይበርድም ታውቃለች። ነገር ግን በዚህ ሰው ላይ ዝም ብላ መኖር እንደማትችል፣ ተናዳም ቢሆን ሁሉን ነገር ልትነግረው የምትፈልገው ለእሱ ብቻ እንደሆነ፣ ይህንንም አወቀች።

«አባቴ ሽማግሌዎቹን አስቀምጧቸዋል» አለችው።

መብራህቶም አልገባውም። ደግማ ነገረችው። ሲገባው አልሳቀም፣ አልዘለለም፤ በረዶው ላይ እንደ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነና አለቀሰ። ጽጌሬዳ አጠገቡ ቆማ ጠበቀችው። አላባበለችውም፤ ጥላውም አልሄደች።

«አንቺስ?» አላት መጨረሻ ላይ፣ ቀና ሳይል።

«እኔ ተናድጃለሁ። ነገም እናደዳለሁ። ለአባቴ ግን እሺ ልለው ነው። አሁን ተነስ። እናቴ እግር ላይ ወድቀህ ይቅርታ ትጠይቃለህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

ተነሳ። ደረጃውን ጎን ለጎን ወጡ፤ አንዱም ሌላውን አልነካም። የሞንግ አሮጊቷ አሁንም በራቸው ላይ ነበሩ፤ ሁለቱን አይተው ቀስ ብለው ዘጉት። ከቤታቸው የአቶ ረጋሳ ሳቅ፣ የእናቷም ድምፅ ይሰማል። መብራህቶም የበሩ ደፍ ጋ ሲደርስ እግሩ አልሄድ አለው፤ ያን ጊዜ ጽጌሬዳ እጁን ያዘች።  አብረውም ደፉን ተሻገሩ።